ከጢስ ዓባይ በታች፦ ባልና ሚስት ለአንድ ቀን ሸለቆ ሲወርዱ

እኛ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ጢስ ዓባይን የምናውቀው ብዙውን ጊዜ እንግዳ ስናስጎበኝ ነው፤ ፏፏቴው ፊት ፎቶ ተነሥተን ለምሳ እንመለሳለን። እኔና ባለቤቴ ግን በየዓመቱ አንድ ሁለት ጊዜ ከፏፏቴው በታች ያለውን የሸለቆ አገር ሙሉ ቀን በእግራችን እንሄድበታለን፤ ይህን የምጽፈውም ሁለት ሆነው ሊሞክሩት ለሚያስቡ ነው። ሸለቆ ከተራራ የሚለይበትን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ተራራ ላይ አቀበቱን የምትወጡት ጉልበት ሳላችሁ ነው፤ ሸለቆ ግን በጠዋቱ ብርድ ቁልቁለቱን እያባበለ ያወርዳችሁና፣ አቀበቱን ውኃው ሲጎድልና ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይሰጣችኋል። ስለዚህ የቀኑ ዕቅድ መነሻ መመለሻው ነው።

ለዚህ ጉዞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በነሐሴና በመስከረም ፏፏቴው ሞልቶ ያስፈራል፤ የሸለቆው መንገድ ግን ጭቃ ስለሚሆን እግር አይጸናበትም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ ለአቀበት አይመችም። ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ በቀኑ የምትሸከሙትን ያህል ውኃም አብራችሁ ያዙ። ጫማው አዲስ ከሆነ የሚላጠው ተረከዝም ሆነ ትከሻ የሚቆርጠው ማንገቻ እዚያው ከቤታችሁ አጠገብ ይታወቃል። በዋዜማው የመንገዱን ሰላም የሚያውቅ ሰው መጠየቅንም አትርሱ።

ውኃን በተመለከተ ቆጣቢ አትሁኑ። በሙቀት አቀበት የሚወጣ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሊያስፈልገው ይችላል፤ እኛ ለእያንዳንዳችን ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ እንይዛለን፤ ለሁለት ሰው ስምንት ኪሎ ሸክም ማለት ነው። ስትመለሱ፣ አቀበቱ ሥር ስትደርሱ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሹ መቅረት አለበት። ላብ የሚያወጣው ውኃ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ በሄደችበት ቀን ጀርባዋ ላይ ነጭ የጨው መስመር ደርቆ ስናይ ነው ነገሩ በደንብ የገባን፤ ባዶ ውኃ ብቻ እየደጋገሙ መጠጣት በሰውነት ውስጥ ያለውን ጨው ያሳሳውና ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ከፋርማሲ የሚገዛው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይጠቅማል፤ ካልተገኘም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ለምግብ ቆሎና ጭኮ እንይዛለን፤ ጨው ጣል ያለበት በሶም በጥብጦ ለመጠጣት ይመቻል። ጥሬ ሥጋና ከባድ ምግብ በዋዜማውም ቢሆን አይበላ።

ጢስ ዓባይ ከተማ ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ እዚያ ስትደርሱም ሸለቆውን የሚያውቅ የአካባቢው መንገድ መሪ ያዙ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ስትሻገሩ ጥቂት ቁሙና ወደ ታች ተመልከቱ፤ ያ ሰፊ ወንዝ በጥቁር ድንጋይ አንገት ውስጥ ታንቆ ሲያልፍ ይታያል፤ ከዚያ በታች የሚጠብቃችሁን የአገር አቀማመጥ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቦታ የለም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የከብትና የገበያተኛ መንገድ ነው፤ የሸለቆውን ከንፈር ይዞ እየሄደ በየገባር ወንዙ ስንጥቅ ይወርዳል፣ መልሶም ይወጣል። የሚያደክመውም ይህ መውረድና መውጣት ነው። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት የጫማችሁን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁት፤ አለዚያ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ሲመታ የሚውለው የአውራ ጣት ጥፍር ማታ ጠቁሮ ይገኛል።

አሁን ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ውኃውን በሙሉ እኔ ተሸከምኩ፤ ሚስቴን ላቀልላት ብዬ ነበር። አቀበቱ ላይ በራሴ እርምጃ ቀድሜ ሄድኩና አንዲት ሾላ ሥር ተቀምጬ ስጠብቃት፣ እሷ ከታች ከንፈሯ ደርቆ፣ ለመጥራት አፍራ፣ ዝም ብላ ትወጣ ነበር። ደርሳ «ደኅና ነኝ» ስትለኝ ድምፅዋ ሌላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃው በሁለት ቦርሳ ይከፈላል፤ ከፊት የሚሄደውም ቀስ የሚለው ሰው ነው፤ ፈጣኑ ከኋላ ሆኖ የፊተኛውን እርምጃ ይከተላል። «ደከመሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ፍቅር ያለበት ቤት ውስጥ መልሱ ሁልጊዜ «አልደከመኝም» ነው። ይልቁን በየግማሽ ሰዓቱ ሁለታችሁም ቆማችሁ፣ ባይጠማችሁም ጠጡ፣ የሌላውን ፊትም ተመልከቱ። እየተራመዱ ማውራት ካቃተ እርምጃው ፈጥኗል ማለት ነው።

የመመለሻውን ሰዓት ከቤት ወስናችሁ ውጡ። እኛ የትም ደረስን የትም፣ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ፊታችንን እናዞራለን፤ ለመውረድ ለወሰደው ጊዜ እጥፉን ለመውጣት እንይዛለን፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ደግሞ ጥላ ፈልገን ጫማ አውልቀን እናርፋለን። በዚያ ሰዓት የሚያቃጥለው ፀሐዩ ብቻ አይደለም፤ ጥቁሩ ድንጋይም የዋለበትን ሙቀት መልሶ ይተፋል። በእረፍቱ ጊዜ ወንዙ እንዳያታልላችሁ፤ ዓባይ አዞ ያለበት ወንዝ ነው፤ በጣና ዙሪያ ባለ ውኃም ብልሃርዚያ ስለሚገኝ መዋኘትም ሆነ ውኃውን መጠጣት አይገባም። የወንዙን መጠን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከሐይቁ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያና የኃይል ማመንጫዎቹ የሚወስዱት ውኃም ይለዋውጡታል፤ በመሆኑም በጠራራ ፀሐይም ቢሆን በወንዙ መካከል ባለ ድንጋይ ላይ አትቀመጡ።

አንዳችሁ ከታመመ፣ ማለትም ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ባቱን ከያዘው፣ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ልብሱን አላልታችሁ በውኃ አርጥቡት፣ አራግቡለትም፤ ጨውና ስኳር ያለበትን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ሲሄድ ከተንገዳገደ ግን ነገሩ ከድካም አልፏል፤ ያላችሁን ውኃ ሁሉ ለማቀዝቀዣ አድርጉትና መንገድ መሪውን ለእርዳታ ላኩት፤ ታማሚውን ብቻውን ትቶ መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ስለሆነ፣ ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ጢስ ዓባይ ከተማ ብትገቡ የመመለሻ መኪና ሳትጨነቁ ታገኛላችሁ። እኛ የባትሪ መብራትና የተቀረችውን የመጨረሻ ግማሽ ሊትር እስከ መኪናው ድረስ አንነካቸውም፤ መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ውኃዋን ሁለታችን ተካፍለን እንጨርሳታለን።