ለአሮጌ ድልድይ ገንዘብ የምታዋጡ ሳይክለኞች፣ እኛ የሳትነውን አትሳቱ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሳይክል የወረደ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ያውቀዋል። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታው ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን ይዞ ጣት እስኪደነዝዝ ድረስ ነው። እኛ እሁድ እሁድ ሲኖትራኩን ስለምንፈራ ከአስፋልቱ ወጣ ብለን በአሮጌው ኮረኮንች እንሄዳለን። እዚያ መንገድ ላይ አንዲት የድንጋይ ድልድይ አለች። ትንሽ ናት፣ አንድ ቅስት ብቻ ነው ያላት። ባለፈው ክረምት ከጎኗ ድንጋይ ረግፎ ስናይ ደነገጥን። እናዋጣ ተባባልን፣ በዚያው ሳምንትም ማዋጣት ጀመርን።

ልባችን ሙሉ ነበር። ግን ብዙ ነገር አበላሽተናል። ተመሳሳይ ነገር የምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡት።

የስህተቶቹ ሁሉ እናት፣ ድልድይዋ ምን እንደሆነች ሳናውቅ ብር መሰብሰባችን ነው። ሰው «ስንት ይበቃችኋል?» ሲለን የምንመልሰው አልነበረንም። 50 ሰው 500 ብር ቢያዋጣ 25,000 ብር ነው። ጥሩ፣ ግን 25,000 ብር ለምን? ቆይተን አንድ አዛውንት ግንበኛ ከኮምቦልቻ ይዘን ሄድን። እኛ የረገፈውን ድንጋይ ልናሳያቸው ስንጎትታቸው እሳቸው ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ ወጡ። ቦዩን አዩት። በአፈር ተደፍኗል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በድልድይዋ ጀርባ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ በድንጋዮቹ መሃል እየሰረገ ይወርዳል። ከቅስቱ ሥር ገብተው ጣታቸውን በመጋጠሚያው ሰደዱ። የወጣው ነገር የራሰ በሶ ይመስል ነበር። «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ቦዩን ጥረጉ» አሉን። ለቦዩ ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማና አንድ ቅዳሜ በቃው። ከዚህ በፊት ከሰው እጅ ብር ተቀብለን ነበር። ይህ እስከ አሁን ይከነክነኛል።

ሲሚንቶ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም በጥሩ ልብ የሚሠራ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ለአሮጌ ግንብ አዋጡ ሲባል መጀመሪያ ቃል የሚገባው ሲሚንቶ ነው። እኛም ጋ አንድ ሰው በደግነት ኩንታል ሲሚንቶ አቀረበ፣ እኛም በደስታ ተቀበልን። በኋላ ነው የገባን። ድሮ በኖራ የተያያዘ ግንብ ይተነፍሳል፤ የገባበት እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ከኖራ ይልቅ ይጠነክራል፣ እርጥበትም እንደ ኖራ አያሳልፍም። ስለዚህ እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፣ ድንጋዩም ፊቱ እየተላጠ ይሄዳል። በዓይኔ ባላየው ላላምን እችል ነበር። ድልድይዋ ላይ ከዓመታት በፊት ማን እንደለጠፈው የማይታወቅ የሲሚንቶ ጥጋን አለ። ጠርዙን ይዤ ሳብ ሳደርገው እንደ ቅርፊት ተነሳ፣ ከጀርባው ደግሞ የድንጋዩ ፊት አብሮ ተላጦ መጣ። ሲሚንቶው ደህና ነው፤ የሞተው ድንጋዩ ነው።

ስለዚህ ኖራ ፈልጉ፣ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛም ፈልጉ። በብዛት የሚሠራበት ልክ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ነው፤ ግን የናንተን ግንብ ያየው ባለሙያ የሚላችሁን ስሙ። ኖራ ከአየር ጋር እየተዋሃደ በዝግታ ነው የሚጠነክረው፣ ስለዚህ ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። የዚያን ሰው አበል በጀቱ ውስጥ አስገቡ። እኛ ረስተነው ነበር።

ከዚሁ ጋር፣ ወቅቱን አትሳቱ። ክረምት ላይ አይነካም። ወሎ ደግሞ በልግም አለ። ጥቅምት ላይ ካልጀመራችሁ ቶሎ ያልፋችኋል፤ በደሴ ከፍታ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስላለ ያልደረቀ ኖራ ይጎዳል።

ፈቃድ። «አሮጌ ድልድይ ለመጠገን ማን ይከለክለናል?» ብለን ነበር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ጥገና እንዳይሠራ ይደነግጋል። ድልድዩ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መንገዱ በማን ሥር እንደሆነ ቀበሌውን ጠይቁ። ደብዳቤ ጽፋችሁ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቱ። አሰልቺ ነው፣ ግን አንድም ድንጋይ ሳይነሳ ማለቅ አለበት።

አሁን ስለ ብሩ። እኛ በአንድ ልጅ ቴሌብር ነው የሰበሰብነው። ልጁ ታማኝ ነው፣ አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ግን የቤቱ ብርና የድልድዩ ብር አንድ ላይ ተቀላቀለ፣ የአንድ ጓደኛችን 200 ብርም በስም ዝርዝሩ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ሁለት ጊዜ ጠየቀ፣ ሁለት ጊዜ «እናየዋለን» አልነው። ከዚያ በኋላ እሁድ መምጣት አቆመ። በ200 ብር ሳይሆን እንደሌለ ስለቆጠርነው ነው የተቀየመው። ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ያላየ የለም፤ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው፣ ጸሐፊው ሌላ ነው፣ ሁሉም በስሙ ይመዘገባል። እናትና አባቶቻችን የሚሠሩበትን ነገር ትተን ምን ነካን? የባንክ ሒሳብ በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ክፈቱ፣ ለ50 ብርም ደረሰኝ ስጡ፣ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ጓደኛችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፣ አሁን ከፈራሚዎቹ አንዱ እሱ ነው።

ሌላው፣ የማታውቁትን ታሪክ ባነር ላይ አትጻፉ። «የጣሊያን ድልድይ» ብለን አሳትመን ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ በደሴ የሚያልፈውን የአስመራ–አዲስ አበባ መንገድ መሥራቱ እውነት ነው፣ ይህ ግን የኛዋ ድልድይ የዚያን ጊዜ መሆኗን አያረጋግጥም። ደብረ ሊባኖስ ያለው ድልድይ እንኳ «የፖርቱጋሎች» እየተባለ ይጠራል እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። «አሮጌው የድንጋይ ድልድይ» ብትሉ ሰው ብሩን አይከለክላችሁም።

በመጨረሻ ያየነው፣ መጀመሪያ ልናየው የሚገባን ነገር ነበር። እኛ በሳምንት አንዴ ነው የምናልፈው። በገበያ ቀን አህያ ጭነው የሚያልፉባት ገበሬዎች ግን ኑሯቸው እዚያው ነው፣ እኛ ደግሞ ሳናማክራቸው ነው ባነር የሰቀልነው። ሄደን ስናነጋግራቸው የረገፉትን ድንጋዮች ጎርፍ እንዳይወስዳቸው አንድ በአንድ ለቅመው አጥር ሥር ደርድረው አስቀምጠው አገኘን። ከሌላ ቦታ ድንጋይ ለመግዛት የያዝነውን በጀት በዚያው ቀን ሰረዝነው።

ጥገናው ጥቅምት ላይ ይጀመራል። እስከዚያ ድረስ እሁድ ስንወርድ ከመሃላችን አንዱ አካፋ በጀርባው አስሮ ይሄዳል፣ ቦዩን ጠርገን እናልፋለን።