የልጅዎ ችፌ አልድን ሲል የንክኪ አለርጂን እንዴት መለየት ይቻላል?

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ፣ ችፌ ያለባቸው ልጆች የክርናቸውና የጉልበታቸው መታጠፊያ ይበልጥ ቢያሳክካቸው የተለመደ ነው። ሽፍታው ከለመደበት ቦታ ወጥቶ ሌላ ቦታ ከታየ፣ ወይም ሐኪም ያዘዘው ቅባት በአግባቡ እየተቀባ ከባሰ ግን፣ ቆዳውን የሚነካ አንድ ነገር አለርጂ እንደሆነበት መጠርጠር ይገባል።

በመጀመሪያ ልጁን በቀን ብርሃን ልብሱን አውልቀው ሽፍታው የት እንደወጣ ይመልከቱ። ከእምብርት በታች የወጣ ሽፍታ በሱሪ ቁልፍ ወይም በቀበቶ ዘለበት ውስጥ ካለ ኒኬል ከተባለ ብረት፣ የጆሮው ከጉትቻ፣ የደረቱ በማተብ ላይ ከተንጠለጠለ የብረት መስቀል፣ የእግር ጀርባው ደግሞ ከጫማው ቆዳ ወይም ጎማ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ሲባል ማተብ መበጠስ አያስፈልግም፤ መስቀሉን በእንጨት መለወጥ ይበቃል።

ቀጥሎ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ቆዳውን የነካውን ሁሉ ይጻፉ። የንክኪ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚታይ፣ ብዙ ወላጅ ዛሬ የተበላውን እንቁላል ሲወነጅል ጥፋተኛው ከትናንት በስቲያ የተቀባው ሽቶ ያለው ሎሽን ሆኖ ይገኛል። ዋይፕስ፣ ሻምፖና የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ጥቁር ሂና ከዝርዝሩ አይቅሩ። ለችፌው የሚቀባው መድኃኒትም ይጻፍ፤ በቅባቶች ውስጥ የሚገቡት ላኖሊን (ከበግ ፀጉር የሚገኝ ቅባት) እና ኒዮማይሲን (አንቲባዮቲክ) የታወቁ የአለርጂ መንስኤዎች ናቸውና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በደንብ ሳይለቀለቅ የቀረ የኦሞ ቅሪትም ቆዳን ያስቆጣል፤ ይህ ግን አለርጂ አይደለም፣ አንድ ዙር ጨምሮ ማለቅለቅ ያቃልለዋል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍ ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ ጎረቤት የቱንም ያህል ቢያመሰግነው ይቅር።

ከዚያ የተጠረጠሩትን በሙሉ አቁመው፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ብቻ እየቀቡ ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ፤ ሐኪም ያዘዘውን ግን ሳያማክሩ አያቋርጡ። ቆዳው ሲረጋጋ፣ ታጥቦ የማይወጣ ቅባት ወይም ሎሽን ከሆነ፣ ጤነኛ በሆነ የክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ በቀን ሁለት ጊዜ እስከ ሁለት ሳምንት በትንሹ እየቀቡ ይሞክሩት፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ያቁሙ። ሳሙናና የፀጉር ቀለም በዚህ መንገድ አይሞከሩም።

ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አስጽፈው እንደ አለርት ባለ የቆዳ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂዱና በጀርባ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር የሚደረገው ምርመራ የት እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ይህ በመርፌ ጫፍ ከሚደረገው የአለርጂ ምርመራ የተለየ ነው፦ ፕላስተሩ ለ48 ሰዓት ሳይረጥብ ይቆያል፣ ሲነሳ ይታያል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም እንደገና ይታያል። ከከተማ ዳር ለሚመጣ ሰው ይህ ቢያንስ ሦስት ምልልስ ስለሆነ የትምህርትና የሥራ ቀን አስቀድሞ ማመቻቸት ይሻላል። ሲሄዱ የጻፉትን ዝርዝርና ቅባቶቹን ከነዕቃቸው ይያዙ። ሽፍታው መግል ከቋጠረ ወይም ልጁን ካተኮሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።