አሮጊቷን ጊኒ ፒግ ከአዲሷ ጋር ያስማማሁበት ዘዴ

የ6 ዓመቷ ጊኒ ፒጌ (አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ ናት) ጓደኛዋ ከሞተችባት ወዲህ ጥግ ይዛ ትውል ነበር። ሐኪም ጥርሷንና መገጣጠሚያዋን አይቶ ደህና ናት ሲለኝ አንዲት ወጣት ሴት አመጣሁላት። ጥፋቴ በቀጥታ ቤቷ ውስጥ መጨመሬ ነው፤ አሮጊቷ ጥርሷን እያፋጨች አባረረቻት።

ለያየኋቸው። 2 ሳምንት በተለያየ ክፍል (በሽታ እንዳይጋቡም ሲባል ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ)፣ ከዚያ በሽቦ ተለይተው ጎን ለጎን። ቀጥዬ ሁለቱም በማያውቁት ወለል ላይ ድርቆሽ ከመርኩ፣ ሁለት ሁለት በር የቆረጥኩላቸውን ካርቶኖች አስቀምጬ ለቀቅኳቸው። መባረርና ማጉረምረም ነበር፤ እስካልተናከሱ ድረስ እጄን ሰበሰብኩ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ቤቱን አጥቤ አንድ ላይ ያስገባኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።

አሮጊቷን በየሳምንቱ እመዝናታለሁ። ትናንት ከአንድ ክምር ሲበሉ አገኘኋቸው፤ ትንሿ ከአፏ ላይ ሰበዝ ስትነጥቃት ዝም አለቻት።