ዊንዶውስ ተቀይሮ ስክሪኑ ሲበላሽ፦ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ወዲህ የሚመጣልኝ ሥራ መልኩን ቀይሯል። በዚያ ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ሰዉም ይህን ሰምቶ ወደ 11 መሻገር ጀመረ። ከ7 ወደ 10 የሚሻገሩም ገና አሉ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ ሳይቀር ኮምፒውተር ተጭኖ ይመጣል። ቅሬታው አንድ ዓይነት ነው፦ «ትናንት ደህና ነበር፤ ዊንዶውስ ካስጫንኩ በኋላ ስክሪኑ ተበላሸ።»

ብዙዎቹ እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ፍርዱ ተሰጥቷል። አንዱ አይቶ «ካርዱ ተቃጥሏል» ብሏቸዋል፤ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ማለቱ ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ማታ ፊልም ሲያሳይ ያመሸ ካርድ፣ ጠዋት ዊንዶውስ ስለተቀየረ ብቻ አይቃጠልም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት በዊንዶውሱና በካርዱ መሃል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውሱ ሲቀየር እሱም መቀየር ይኖርበታል። ለአንዳንድ አሮጌ ካርድ ግን አዲሱን ዊንዶውስ የሚያውቅ ድራይቨር ጭራሽ አልተሠራለትም። ዋናው ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው። የመጀመሪያው በነጻ ይስተካከላል። ሁለተኛው ወይ ዘዴ ወይ ገንዘብ ይፈልጋል።

ካርዳችሁ ማን ነው?

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር «ዲቫይስ ማናጀር»ን ክፈቱ፤ ከዚያ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉት። እዚያ ላይ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ ነገሩ ተገኘ። ዊንዶውስ የካርዱን ድራይቨር አጥቶ በራሱ ጊዜያዊ ድራይቨር እየሠራ ነው። ምልክቶቹም ይታወቃሉ። ጽሑፉ ይወፍራል፣ ክቡ ነገር እንቁላል ይመስላል፣ ቪዲዮ ይንቀረፈፋል፣ ላፕቶፕ ከሆነ ብርሃኑ አልቀንስ አልጨምር ይላል። ግን ልብ በሉ፤ ካርዱ ምስል እያወጣ ነው። አልሞተም።

አሁን ትክክለኛ ማንነቱን እንወቅ። በስሙ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ»። ከተቆልቋዩ ዝርዝር «ሃርድዌር አይዲስ»ን ምረጡ። ረጅም ኮድ ይመጣል። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የአምራቹ መለያ ነው። 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 10ዲኢ ከሆነ ኤንቪዲያ፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የሞዴሉ መለያ ነው። ሁለቱንም ጻፉና ጎግል ላይ ፈልጉ፤ ካርዱ በስሙ ይወጣል።

ካርዱ ላይ የተለጠፈውን ስም ለምን አናምነውም? ስም ያታልላል። ጂቲ 630 የሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ ውስጡ ፌርሚ የሆነም አለ፣ ኬፕለር የሆነም አለ፤ ሁለቱ የኤንቪዲያ ቺፕ ትውልዶች ስም ናቸው፣ ፌርሚ የቀድሞው ነው። በስም አንድ ናቸው። ድራይቨራቸው የሚቆምበት ጊዜ ግን ይለያያል። ኮዱ አይዋሽም።

በቅርቡ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ይዛ መጣች። ኮዱ 8086፣ ከዚያ 0102 ይላል። ይህ ከሁለተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ጋር አብሮ የሚመጣው ኢንቴል ኤችዲ 2000 ነው። እንዲህ ዓይነት ማሽን በየቢሮው ሞልቷል። ኢንቴል ለዚህ ቺፕ ለዊንዶውስ 10 ብሎ ድራይቨር አላወጣም። ሆኖም በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የሚመጣ የቀድሞ ድራይቨር አለው። እሱ ከገባ ለዎርድ፣ ለኤክሴልና ለቪዲዮ ማየት ይበቃል። ኢንተርኔት አገናኝተን፣ አፕዴቱን አስፈልገን፣ ሪስታርት ስናደርገው ስክሪኑ ልኩን ያዘ። ወደ 11 ማሳደግ ግን ለእሷ ማሽን አይሆንም። ዊንዶውስ 11 ዳይሬክትኤክስ 12ን (ፕሮግራሞች ግራፊክሱን የሚያዙበትን የማይክሮሶፍት ሥርዓት) የሚችል ግራፊክስ ይጠይቃል፤ ኤችዲ 2000 ከ10.1 አያልፍም። ፍተሻውን አታለው የሚጭኑላችሁ ሰዎች አሉ። ፍተሻው ይታለል እንጂ ቺፑ አይታለልም።

ኤንቪዲያ የያዛችሁ ይህን እወቁ። የጂፎርስ 400 እና 500 ተከታታዮች ፌርሚ ናቸው። በፈረንጆቹ 2018 ድጋፋቸው ቆሟል፤ የመጨረሻው ዋና ድራይቨራቸው 391.35 ነው። ከ600 እና 700 ውስጥ ኬፕለር የሆኑት ደግሞ የ470 ተከታታይ ድራይቨር ላይ ቆመዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ስትጭኑ «የሚስማማ ሃርድዌር አላገኘሁም» ይላችኋል። ይህን አንብቦ «ካርዱ አይሠራም» ማለት ስህተት ነው። የቆመበትን ቁጥር አውርዱለት። ኤኤምዲ ኤችዲ 5000 እና 6000 የያዛችሁ ደግሞ ካታሊስት የሚባለውን የኤኤምዲ ድራይቨር፣ የመጨረሻውን 15.7.1 ፈልጉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኤንቪዲያ ለ32 ቢት ዊንዶውስ ድራይቨር መሥራት ካቆመ ቆይቷል። በየፍላሹ የሚዞረው ዊንዶውስ 32 ቢት ይሁን 64 ሳታዩ አታስጭኑ።

አወራረዱና አጫጫኑ

ላፕቶፕ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ አምራች ገጽ ሂዱ። ዴል ከሆነ ከሥሩ ያለውን ሰርቪስ ታግ፣ ኤችፒ ከሆነ ፕሮዳክት ነምበሩን አስገቡ። ዴስክቶፕ ከሆነ በቀጥታ ወደ ኢንቴል፣ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ ገጽ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም። ከማስታወቂያቸው ብዛት ሌላ፣ የማይገጥም ድራይቨር ጭነው ከድጡ ወደ ማጡ ይከቷችኋል።

የዛሬው የኤንቪዲያ ድራይቨር ከግማሽ ጊጋ በላይ ነው። የሞባይል ዳታ ይበላል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ፍላሽ ላይ አውርዱት። እንዲያውም ዊንዶውሱን ከመቀየራችሁ በፊት ብታወርዱት ይሻላል። ምክንያቱም ከአዲስ ጭነት በኋላ ብዙ ጊዜ የዋይፋዩም ድራይቨር አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ጭነት ኢንተርኔት ይሰጣል።

በአሮጌው ድራይቨር ላይ አዲሱን መደረብ ነገር ያበላሻል። መጀመሪያ አጽዱ። ለዚህ ዲዲዩ የምትባል ነጻ ፕሮግራም አለች፤ ሙሉ ስሟ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር ነው። ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርትን ተጫኑ። «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ሪስታርት፤ ሲመለስ 4 ቁጥርን ተጫኑ። ሴፍ ሞድ ይገባል፤ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ የሆነውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ ነው። ከዚህ በፊት ኢንተርኔቱን መንቀልን አትርሱ። አለበለዚያ እናንተ ስታጸዱ ዊንዶውስ አፕዴት ከኋላ የራሱን ይጭናል። ዲዲዩን አስኬዱ፣ በመደበኛው መንገድ አስነሱ፣ ያወረዳችሁትን ጫኑ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ይህን ሥራ አትጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

ሁሉ ተስተካክሎ ከሳምንት በኋላ ቢመለስባችሁ፣ አፕዴቱ ድራይቨራችሁን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» አለ፤ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ሁለት ግራፊክስ ያላቸው ላፕቶፖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንድ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ኢንቴልም ኤኤምዲም ያለበት ኤችፒ አመጣልኝ። ዊንዶውስ ካስቀየረ ወዲህ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ውስጥ ስዕሉን ሲያዞር ይቆምበታል። የኤኤምዲው ድራይቨር ብቻ ነበር የተጫነለት። በእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ምስሉ ወደ ስክሪን የሚወጣው በኢንቴሉ በኩል ነው። ስለዚህ ኢንቴሉ ይቀድማል፣ ኤኤምዲው ይከተላል፤ ሁለቱም ከኤችፒ ገጽ የወረዱ። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» ገብተን አውቶካድን ጨመርነውና «ሃይ ፐርፎርማንስ» አልነው። አውቶካድ ውስጥ «ግራፊክስኮንፊግ» ብላችሁ ብትጽፉ የትኛውን ካርድ እየተጠቀመ እንደሆነ ያሳያችኋል። ልጁ ራሱ እንዲያየው አደረግኩ፤ ነገ ጓደኛውን ይረዳል።

ስክሪኑ ጭልም ካለ

ማሽኑ ይዞራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ምስል የለም። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና የ«ቢ» ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል፤ ጢጥ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ካልሆነ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ገመዱን እዩ። ካርድ ካለው ማሽን ላይ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ፣ ወደ ካርዱ አዛውሩት።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚጠረጥረው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሴኩር ቡት የሚባለው የደህንነት ምርጫ እንዲበራ ሲደረግ፣ ሲኤስኤም የሚባለው የቆየ አሠራር ይዘጋል። ከ2012 ገደማ በፊት የተሠሩ ብዙ ካርዶች ያለ እሱ ምስል ማውጣት አይችሉም። ኮምፒውተሩ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ባዮስ እንኳ አይታይም። ሰውም «አለቀለት» ይላል። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ካርዱን አውጡና ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩት። ባዮስ ገብታችሁ ሲኤስኤምን መልሱት። ማዘርቦርዱ የስክሪን መሰኪያ ከሌለው፣ ክቧን የባዮስ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መመለስ ባዮሱን ወደ መጀመሪያው ይወስደዋል።

ስክሪኑ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። እሱም አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ የድራይቨር ነው። እሱ ጸጥ ብሎ ሌላው ብቻ ከሆነ የሆነ ፕሮግራም ነው።

ሁሉም አልሆን ሲል

ሠርግ የሚቀርጹ አንድ ጋሼ ከሐይቅ መጡ። ዊንዶውስ 11 አስጭነዋል። ካርዳቸው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው፤ ፌርሚ። ቪዲዮ የሚያቀናብሩበት ፕሮግራም ፕሪሚየር ካርዱን አላውቀውም ብሎ ሁሉን ነገር በፕሮሰሰር እየሠራ ነው። «ልጄ፣ ቅዳሜ ሙሽሮቹ ቪዲዮ ይጠብቃሉ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከተጫነ አሥር ቀን ሞልቶታል?» አልኳቸው።

አልሞላውም። ያሳደጉት ከነፋይሉ ስለሆነ፣ አሮጌው ዊንዶውስ አሥር ቀን ድረስ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሴቲንግስ፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ጎ ባክ»። ወደ ዊንዶውስ 10 ተመለሱ፣ ቪዲዮውም ለቅዳሜ ደረሰ። አሥሩ ቀን ካለፈ ወይም ሲ ድራይቭ ፎርማት ከተደረገ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ስለዚህ ባሳደጋችሁ ሰሞን የምትሠሩበትን ፕሮግራም ሁሉ ክፈቱና ሞክሩት።

ለቢሮና ለትምህርት ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻውን ሊኑክስ ሚንትን አስቡበት። የአሮጌ ኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ከራሱ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል፤ የምታወርዱት ነገር የለም። ፎርማት ሳታደርጉ ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

ካርድ መግዛት ግድ ከሆነ ግን አስባችሁ ግዙ። ጂቲ 710 ርካሽ ነው፤ አብዛኛው ኬፕለር ስለሆነ ድራይቨሩ ቆሟል። ጂቲ 1030 ይሻላል። 30 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያለው ትንሹ ኦፕቲፕሌክስ ይችለዋል። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የደህንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 2028 በፈረንጆቹ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ስትገዙ ሜሞሪው ጂዲዲአር5 መሆኑን አረጋግጡ፤ ዲዲአር4 የሆነው በጣም ይዘገያል። ኬዙ ትንሽ ከሆነ አጭሩን ካርድ ከነአጭር ብረቱ ጠይቁ። ይህ ካርድ የቪጂኤ መሰኪያ የለውም። ሞኒተራችሁ ሰማያዊ መሰኪያ ያለው አሮጌ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ኮንቨርተር አብራችሁ ውሰዱ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ እዩት።