ውሻዎ የሰው ቫይታሚን ወይም የአይረን ኪኒን ከበላ ምን ያደርጋሉ?

መጀመሪያ ብልቃጡን ከአፉ ይንጠቁት። ሌሎች ውሾችም ካሉና ማን እንደበላ ካልታወቀ፣ ሁሉም እንደበሉ ይቁጠሩት።

ከዚያ የተበተነውን ለቅመው ይቁጠሩ። ሐኪሙ የሚጠይቅዎ ምን በላ፣ ስንት በላ፣ መቼ በላ የሚለውን ነው። የተቀደደውን ማሸጊያ አይጣሉ፤ ይዘውት ይሂዱ። ክብደቱን ካላወቁ አቅፈውት ሚዛን ላይ ይውጡና የራስዎን ይቀንሱ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚታደለው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ፍሬ 60 ሚሊግራም አይረን አለው። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 4 ፍሬ ከዋጠ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም አለፈ፤ ሐኪም ይየው። 10 ፍሬ ከሆነ ለሕይወቱ ያሰጋል። የቫይታሚን ዲ 50,000 ዩኒት እንክብል ደግሞ ለዚሁ ውሻ አንዷም ብትሆን ታሳስባለች። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ስኳር የሌለው ጋሚ (የሚታኘክ ከረሜላ መሰል ቫይታሚን) ላይ ዛይሊቶል የሚል፣ ለውሻ መርዝ የሆነ የስኳር ምትክ ካዩ ምንም አይቁጠሩ፣ ወዲያው ይውጡ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ የደም ስኳሩ ሊወርድና ሊንገዳገድ ይችላል።

ወተት አይጋቱት። ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የሚመከረው እሱ ነው፤ ግን ቫይታሚን ዲ ደሙ ውስጥ ካልሲየም ስለሚያበዛ ወተት ያባብሰዋል። ዘይት በግድ ሲያጠጡት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጨው ራሱ መርዝ ይሆንበታል። መርዝ ይይዛል ተብሎ የሚሰጠው ከሰልም አይረንን አይዝም። ማስመለስ የሐኪም ሥራ ነው፤ በአብዛኛው የሚጠቅመውም በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ስለሆነ ቶሎ መድረስ ይሻላል።

ሰው የሚታለለው ከዚህ በኋላ ነው። አይረን የበላ ውሻ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ሊይዘው ይችላል። ከዚያ የተሻለው ይመስላል፤ ጅራቱን ይቆላል፣ በር ሲንኳኳ ይጮኻል፣ ምግብም ይቀምሳል። ባለቤቱ «ተመስገን፣ ወጣለት» ብሎ ይተኛል። አይረኑ ግን በዚያው ሰዓት ደሙ ውስጥ ገብቶ ጉበቱን እየጎዳ ነው። በማግስቱ ውሻው ይዝላል፣ ድዱ ይነጣል፣ ይወድቃል። እባክዎ፣ የዋጠው መጠን የሚያሳስብ ከሆነ ተሻለው ብለው ወደ ሐኪም መሄድዎን አይሰርዙ።

የቫይታሚን ዲም እንዲሁ ቶሎ አይታይም። ውሃ ማብዛቱና ቶሎ ቶሎ መሽናቱ ከዋጠ 12 ሰዓት ካለፈው በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ኩላሊቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ቢሾፍቱ አካባቢ ላላችሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል እዚያው አለ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በ888-426-4435 ሌት ተቀን የሚሠራውን የእንስሳት መርዝ መረጃ መስመር መደወል ትችላላችሁ፤ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

ሐኪሙ ለካልሲየም ምርመራ ደጋግሞ ከቀጠረዎ፣ ውሻው ቢቦርቅም እስከ መጨረሻው ቀጠሮ ይውሰዱት።