ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች ስታወዳድሩ የኋላውን ግድግዳ አትርሱ

ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለት ወጣቶች ከደሴ እኔ ወዳለሁበት ሐይቅ ከተማ ድረስ መጥተው አገኙኝ። ገንዘብ አዋጥተው እዚሁ ሐይቃችን ላይ ሰው የማመላለስ ሥራ ሊጀምሩ ነው። ያገለገሉ ሁለት ባለሞተር የፋይበር ጀልባዎች አግኝተዋል፤ አንዱ ጣና ላይ፣ አንዱ ዝዋይ ላይ። ፎቶዎቹን በስልክ አሳዩኝና «ጋሼ፣ የቱ ይሻለናል?» አሉኝ። «ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ ነካክታችሁ አይታችኋል?» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ጠይቄ ሰው ሲተያይ ስንቴ እንዳየሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ስለዚህ ገዢ የሚሳሳትባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

በቀለም መማረክ

አዲስ ቀለም የተቀባ ጀልባ ስታዩ መጀመሪያ «ለምን ተቀባ?» በሉ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ይኖራል፤ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ስንጥቅ። የደበዘዘ ግን ያልተነካ ጀልባ ጉዳቱን አይደብቅም።

ሞተሩን አይቶ ግድግዳውን መርሳት

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ከውጭ ሲታይ ፋይበር ነው። ውስጡ ግን በብዙዎቹ ጀልባዎች ኮምፔንሳቶ ነው። ቡሎኖቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ማሸጊያው ሲያረጅ ውሃ ቀስ እያለ ይሰርጋል። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ፋይበሩ ግን እንዳማረበት ይቀመጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 70 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው፣ ጀልባውን የሚገፋው ኃይልም የሚያርፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ሰው ታዲያ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያፈጣል፤ ተሸካሚውን ዞር ብሎ አያየውም!

አፈታተሹ ቀላል ነው። ሞተሩን ወደ ላይ አንሱት። ፕሮፔለሩ ያለበትን የታችኛውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ጫን ጫን አድርጉት። ዓይናችሁ ግን ግድግዳው ላይ ይሁን። ግድግዳው ከሞተሩ ጋር አብሮ ከተነቃነቀ በስብሷል። ቀጥሎ በካቻቢቴ እጀታ ከዳር እስከ ዳር እያንኳኳችሁ አዳምጡ። ደህናው ጠንከርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ታፍኖ «ዱብ» ይላል። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ አንድ ቡሎን አስፈቱ። ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ከወጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። ያኔ ሁለት ጀልባ ቀርቦልኝ ነበር። አንዱ አስቀያሚ ግን ጠንካራ፣ ሌላው ያማረ፣ ሞተሩም አዲስ። ያማረውን ገዛሁ። በሦስተኛው ወር ሰባት ሰው ጭኜ ሐይቁ መሃል ስደርስ ነዳጅ ስጨምር ሞተሩ ወደ ኋላ ዘመም አለ። ግድግዳው ተሰነጠቀና ውሃ መግባት ጀመረ። የሐይቃችን ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ እንደሆነ አስታውሱ። ሞተሩን አጥፍቼ ሰዉን ወደ ፊት አስጠጋሁ። አንዱ ውሃ ሲቀዳ ሌሎቻችን ስንቀዝፍ ዳር ደረስን። ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረችበት። እሷን ሳስብ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል። ያ አስቀያሚ ጀልባ እስካሁን ይሠራል።

በሁለት ሚዛን መመዘን

አንዱን ጀልባ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ሌላውን ስምንት ሆናችሁ ሞክራችሁ «ያኛው ይፈጥናል» አትበሉ። ሁለቱም ላይ የሰዉ ብዛት እኩል ይሁን፣ ነዳጁም እንዲሁ። ፍጥነቱን ሻጩ ከሚነግራችሁ በስልካችሁ ጂፒኤስ ለኩ።

ከፍታውንም አስቡ። ሐይቃችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከጣናም ከዝዋይም ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 40 የሚለው ሞተር እኛ ዘንድ የሚገፋው እንደ 32 ነው። ዝዋይ ላይ በጭንቅ የሚነሳ ጀልባ እዚህ ጭራሽ ይብስበታል። ከሁለቱ አንዱ ዝቅ ያለ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት) ያለው ትርፍ ፕሮፔለር ካለው ያ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የሞቀ ሞተር ሲነሳ ማየት

ሻጭ እናንተ ሳትደርሱ ሞተሩን ያሞቀዋል። እንደደረሳችሁ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ «ነገ ጠዋት እንመለሳለን» በሉ። ሲነሳ ከጎኑ የምትፈሰው ቀጭን ውሃ ሳትቆራረጥ መውጣት አለባት፤ ማቀዝቀዣው መሥራቱን የምታውቁት በእሷ ነው። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ አስለኩ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወጪ ይጠብቃችኋል። የታችኛውን የካምቢዮ ዘይትም ጠብ አድርጉ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ፓራኦሊዮው (የዘይት ማሸጊያው) ውሃ አስገብቷል።

የመሸጫ ዋጋ ብቻ ማስላት

ጥገናውን፣ በአይሱዙ የማስመጫውን፣ የጎደለውን ላይፍ ጃኬት ደምሩበት። የረከሰው ብዙ ጊዜ የሚወደደው እዚህ ላይ ነው።

በ«አብሽር» ቀብድ መክፈል

ደላላው «አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ጀልባ አይታማም» ካላችሁ ፈገግ በሉና ግድግዳውን አንኳኩ። የሞተሩ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሳይመሳከር አንድ ብር አትስጡ።

ልጆቹ ባለፈው ሰኞ ከባሕር ዳር ደወሉልኝ። «ጋሼ፣ ስንጫነው ግድግዳው አብሮ ተነቃነቀ።» ደስ አለኝ። ወደ ዝዋይ ሊሄዱ ነው። ከዋዜማው ገብተው እንዲያድሩ ነገርኳቸው፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲደርሱ።