ጥቁርና ነጭ የሆነው የዲቪዲ ምስል መፍትሔ

ደብረ ማርቆስ በርካሽ የገዛነው ዲቪዲ ማጫወቻ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንሸራተታል። የእማዬ ቲቪ ጀርባው ወጣ ያለው የድሮው ዓይነት ነው። ገመዱን ፈተሽኩ፦ ቢጫው ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ማጫወቻው ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቲቪ ምስል አላላክ ስልት ላይ ተደርጎ ነበር የመጣው። የእኛ አገር ቲቪ የለመደው ፓል የሚባለውን ሌላ ስልት ነው፤ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 30 ገደማ ምስል ስለሚልክ ብዙ የድሮ ቲቪዎች ቀለሙን አያወጡትም።

ሲዲውን አውጥታችሁ በሪሞቱ «ሴትአፕ» ግቡ፤ ሲዲ ውስጡ እያለ ብዙዎቹ ይህን አያስነኩም። «ቲቪ ሲስተም» የሚለውን ፓል አድርጉት። የእህቴ ሠርግ ሲዲ ላይ የቀሚሷ አረንጓዴ ጥለት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ፤ እማዬ እልል አለች! ሜኑው አልነበብ ካለ፣ ሪሞቱ ላይ «ኤን/ፒ» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን መጫን ይበቃል።